ቃለ ጉባኤ፣ ገጽ አርባ አንድ

ጸሐፊ ነኝ እኔ፣ የአሥራ አንድ ሰው ማኅበር፤
ሥራዬ መመዝገብ ስንት ወፍ እንደ ነበር፣
ስንቱ እንደ መጣ፣ ስንቱ እንደ ቀረ፣
ማን ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ ማን ዛፍ ሥር አደረ።

ለክብር ወረቀቱ «ሁለት መስመር ጻፍ» አሉኝ፤
«ላበረከቱት ጉልህ አስተዋጽኦ» ብዬ ጀመርኩኝ፤
ጀመርኩና ሰረዝኩ፤ ቃሉ አልያዘልኝም፤
አስተዋጽኦ የሚሉት ወፍ አንገረብ አይገኝም።

ስለዚህ እንዲህ ይመዝገብ፦

ጋሽ ጓንጉል፣ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ የነበረ፣
ሠላሳ ዓመት በየደጁ ቁጥር ሲለቅም የኖረ፣
ጡረታ ሲወጣ ጣቱ ሥራ ፈትቶ ተቸገረ፣
አንድ የጥር ማለዳ አንገረብ ወርዶ ዳክዬ ቆጠረ።
አሁንም ይቆጥራል፤ በዝናብ ጫማው፣ በባለ ሦስት ኪስ ኮቱ፤
ዓይኑ እንኳ ቢደክም በክንፍ ድምፅ ነው መለየቱ።
«ሁለት መቶ ሦስት» ሲለኝ «ሁለት መቶ» ብዬ ባሳጥር፣
«ሦስቱን ማን ገደላቸው?» ይላል፣ እንደገና እስክንቆጥር።

ትርንጎ፣ የቄራ ጽዳት ሠራተኛ፣ ምላሷ የሚቆርጥ፣
ጥንብ አንሳ ሲሰደብ ቁጭ ብላ የማታዳምጥ፤
«እኔም ማጽዳት፣ እሱም ማጽዳት፤ ደሞዙ ነው የለያየን፤
እሱ አንድ ሳምንት ቢያምፅ፣ ጎብኚም ዞሮ ባላየን።»
ለባዘነ ውሻ መርዝ በተጣለ ማግሥት፣ ጎህ ሳይቀድ፣
ሬሳውን ሰብስባ የምትቀብር፣ አሞራው ከሰማይ ሳይወርድ፣
እሷ ናት።
ስንቱን እንዳዳነች ልጽፍ ብዬ ብዕሬ ቆመ፤
የዳነ ምልክት የለው፤ በርሮ ሄደ፣ ተፈጸመ።

አንድ ሰኔ ላይ አልደረሰችም። ልጇን አሟት ነበር፤
ዘጠኝ ጥንብ አንሳ ወድቆ አገኘን፣ ከአስፋልቱ ዳር፤
ክንፋቸው ተዘርግቶ፣ ነፋስ የሰበረው ጃንጥላ ይመስል።
ትርንጎ አላለቀሰችም፤ ቆፈረች፣ ትከሻዋ እስኪዝል።

ባለባጃጁ ስጦታው፣ ከማራኪ ፒያሳ የሚሠራ፣
«ጠጋ በሉላት» ባይ፣ ጭልፊት ጭኖ ከተሳፋሪ ጋራ፤
«ክንፏ ተሰብሮ ነው፤ ትቦጭራለች እንጂ ሒሳብ አትከፍል»፤
ጣቱ ላይ ያለውን ጠባሳ «ደረሰኜ ነው» የሚል።

እሙሃይ ወለተ ሐና፣ ቁስቋም ጥድ ሥር የሚኖሩ፣
ጉጉት ጮኸች ብሎ ድንጋይ ላነሣ ልጅ እንዲህ የሚናገሩ፦
«ሟርቱስ ካፍህ ነው ልጄ፤ እሷ አይጥ ነው የፈለገች፤
አንተ ሌሊት ተኝተህ፣ እሷ እህልህን ጠበቀች።»
ማኅበርተኛ አይደሉም፤ መዋጮም አልከፈሉም፤
«ስሜ ሌላ መዝገብ ላይ ነው» ብለው ለእኛ አልሰጡም።

ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት። የቀበሌው አዳራሽ ሞላ፤
የፕላስቲክ አበባ፣ ለስላሳ፣ ንግግር ከንግግር ኋላ፤
ኃላፊው «አእዋፍ ሀብታችን ናቸው» ሲል፣ ገና መግቢያው ላይ፣
የትርንጎ ስልክ ጮኸ፤ ሰማች፤ ተነሣች ሳትቆይ።
«ከአንገረብ ማዶ ሦስት ውሻ ወድቋል» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣
«አሞራው እየዞረ ነው። ንግግሩ ይቆየን፣ እስክንመለስ።»
ጓንጉል ኮቱን አነሣ፤ ስጦታው ቁልፉን፤ ወንበር ተንኳኳ፤
ባጃጇ ከደጅ አጓራች፤ ማንም ደህና ሁኑ አላለም እንኳ።

እሙሃይ መጀመሪያም አልመጡም። አራት ወረቀት፣ አራት ባዶ ወንበር፤
ኃላፊው ዞሮ ጠየቀኝ፦ «ታዲያ ማንን ነው የምናከብር?»

መልስ አልነበረኝም። በመስኮት ወደ አንገረብ ማዶ አየሁ፤
የጋሽ ጓንጉልን ዓይን ተውሼ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልሁ፤
አሥራ ስድስት። ክብ ሠርተው። እየወረዱ። አንዱ እግሩን ዘረጋ፤
ትንፋሼን ያዝኩ። ከሥሩ ምን እንደ ሆነ አላየሁም፤ ግን አልተጠጋ።

ተነሡ። ራቁ። ሲርቁ ደግሜ ቆጠርኩ፦ አሥራ ስድስት።
መዝገቡን ገለጥኩ፤ ቀኑን ጻፍኩ፤ ሰዓቱን ጻፍኩ፤ ከዚያም ይህን ሁለት
መስመር፦

«ጥንብ አንሳ፣ አሥራ ስድስት፤ ሁሉም በሰማይ።
ተሸላሚዎች አልተገኙም፤ ሥራ ላይ።»